ችግሩ ያለው ከኬብሉ ጫፍ ላይ ነው፦ ስለ ትንሽ አውሮፕላን የባትሪ ኬብል ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «የትንሽ አውሮፕላን የባትሪ ኬብል መቀየር የጋራዥ ሥራ ነው» የሚል ጽሑፍ አምጥቶ አስነበበኝ። ጸሐፊው በውጭ አገር የበረራ ትምህርት ይከታተሉ በነበረበት ጊዜ ከጓደኞቻቸው ጋር በጋራ የያዙትን አራት መቀመጫ ያለው አሮጌ ፓይፐር ቸሮኪ መነሻ አድርገው፣ እንዲህ ያለው ሥራ ባሕር ዳር ላይ ቢገጥም አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን በግማሽ ቀን ሊጨርሰው እንደሚችል ይከራከራሉ። የሚያቀርቧቸው ነጥቦች ሰባት ናቸው፦ ሞተሩ በዝግታ ከዞረ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው፤ ፋብሪካው የአሉሚኒየም ኬብል ያስገባው ገንዘብ ለመቆጠብ ነው፤ የብየዳ ኬብል ከአውሮፕላን ኬብል አይተናነስም፤ ጫፉን በመዶሻ ቀጥቅጦ በሊድ (ለማጣበቂያ በሚቀልጠው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ) መሙላት ይበቃል፤ የአውሮፕላኑ ገላ ብረት ስለሆነ የማሳውን መስመር (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን) መንካት አያስፈልግም፤ ፊውዝ ቢጨመር ደኅንነቱ ይጠበቃል፤ በመጨረሻም የጣና እርጥበት ኬብል ስለሚበላ በዚህ አካባቢ የሚቆም አውሮፕላን ኬብሉ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት።

እኔ ትንንሽ አውሮፕላኖችን በመጠገን ብዙ ዓመታት ያሳለፍሁና አሁን በባሕር ዳር የምኖር ሰው ነኝ። በአማርኛ እምብዛም ያልተጻፈበትን ጉዳይ በማንሣታቸው ጸሐፊውን አመሰግናለሁ፤ ከነጥቦቻቸውም በከፊል የምስማማባቸው አሉ። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ስለ ኬብሉ ውፍረትና ዋጋ ገጽ ሲሞላ፣ ኬብሉ ከባትሪው፣ ከረሌው (ትልቁን ኤሌክትሪክ ከሚከፍተውና ከሚዘጋው ማብሪያ)፣ ሞተሩን ከሚያስነሣው ስታርተርና ከገላው ጋር ስለሚገናኝባቸው ጫፎች የሚናገረው በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው የባትሪ መስመር ብልሽቶች አብዛኞቹ የተገኙት ግን በመስመሩ መካከል ሳይሆን እዚያ ጫፍ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት ግድ ይለኛል፤ የቀሩት ስሕተቶች የሚወለዱት ከእርሱ ነውና። ጸሐፊው «ፕሮፔለሩ እየተጎተተ ከዞረ ኬብሉ አርጅቷል፣ ሌላ ምርመራ አያሻም» ይላሉ። ፕሮፔለርን የሚያጓትት ነገር ግን ብዙ ነው። ያልሞላ ወይም አቅሙ የደከመ ባትሪ፣ ውስጡ የተቃጠለ የማስተር (የዋናው ማብሪያ) ወይም የስታርተር ረሌ፣ ካርቦኑ ያለቀ ስታርተር (ጋራዦቻችን ሞተሪኖ የሚሉት)፣ የላላ ዳዶ፣ የዛገ የማሳ ማሰሪያ ሁሉም የሚያሳዩት ምልክት አንድ ነው። ከእነዚህ መካከል የትኛው እንደሆነ የሚለየው ግምት ሳይሆን ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ነው፤ አለካኩ ደግሞ ቀላል ነው። የቴስተሩ አንድ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላው ጫፍ የስታርተሩ ቡሎን ላይ ይደረግና ስታርተሩ በሚዞርበት ቅጽበት የሚታየው ቮልት ይነበባል። ያ ቁጥር በመንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ቀጥሎ መስመሩ በየቁራጩ ይለካል፤ ከባትሪው ምሰሶ እስከ ካፖኮርዳው (በኬብሉ ጫፍ ላይ የሚጨመቀው ማሰሪያ)፣ ከካፖኮርዳው እስከ ኬብሉ ሌላ ጫፍ፣ በማስተር ረሌው ሁለት ቡሎኖች መካከል፣ በስታርተር ረሌው ሁለት ቡሎኖች መካከል። በመጨረሻም የማሳው ወገን በተመሳሳይ መንገድ ከሞተሩ አካል እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ይለካል። ኪሳራው በየትኛው ቁራጭ ላይ እንደተከማቸ በዓይን ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ማስገባት አለብኝ፤ በጽሑፉ ውስጥ ስላላገኘሁት አዝናለሁ። ይህ ልኬት የሚደረገው ነዳጁ ተዘግቶ፣ ሚክስቸሩ (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያው) ሙሉ በሙሉ ተጎትቶ፣ ጎማው በድጋፍ ተይዞና ፍሬኑ ላይ ሰው ተቀምጦ ነው። የቴስተሩ ሽቦ ረዥም ሆኖ ወደ ውስጥ መግባት አለበት እንጂ፣ የሚለካው ሰው ቴስተሩን ይዞ ከፕሮፔለሩ አጠገብ መቆም የለበትም። የመኪና ሞተር ሲለካ እንደዚህ ያለ ነገር የለም፤ «ጋራዥ ይሠራዋል» የሚለው አባባል መጀመሪያ የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው።

ምን ያህል ኪሳራ ይፈቀዳል? በአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የወጣው ኤሲ 43.13-1ቢ የተባለው የጥገና መመሪያ፣ 14 ቮልት ባለው አውሮፕላን ላይ ያለማቋረጥ ለሚሠራ ዕቃ 0.5 ቮልት፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ለሚሠራ ዕቃ 1 ቮልት ያስቀምጣል፤ 28 ቮልት ባለው ላይ ሁለቱም እጥፍ ይሆናሉ። ስታርተር ለአጭር ጊዜ የሚሠራ ነውና በአሮጌው ቸሮኪ ላይ መነሻ የሚሆነን 1 ቮልት ነው።

አሁን ቁጥሩን እንሥራው። በአሜሪካ አለካክ ቁጥር 2 የሚባለው የመዳብ ኬብል 33.6 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ በሜትር የሚያሳየው ተቃውሞም 0.5 ሚሊ ኦም ገደማ ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር አካባቢ፣ ስታርተሩ ከፊት ቢሆንና ኬብሉ 5 ሜትር ቢረዝም፣ 200 አምፔር ሲያልፍበት የሚያጠፋው ግማሽ ቮልት ያህል ነው። ይህ ጤናማ መስመር ነው። በዚሁ መስመር ላይ አንድ ካፖኮርዳ ብቻ ተበላሽቶ 10 ሚሊ ኦም ቢያሳይ ግን እርሱ ለብቻው 2 ቮልት ይበላል፤ ማለትም ከአምስት ሜትሩ ኬብል አራት እጥፍ። 2 ቮልት በ200 አምፔር ሲባዛ 400 ዋት ይሆናል፤ ይህም የአንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ አንድ አሥረኛ የሚሆን ሙቀት ሽንብራ በምታክል ቦታ ላይ ሲወርድ ማለት ነው። እንግዲህ ጸሐፊው እንደሚሉት ኬብሉን ብቻ በወፍራም ቀይሮ ጫፉን እንደ ነገሩ ያሰረ ሰው፣ ገንዘቡን ያፈሰሰው ከግማሽ ቮልቱ ላይ ጥቂት ለመቀነስ ነው፤ ሁለቱ ቮልት እንዳለ ተቀምጧል።

ይህን ለመረዳት አውሮፕላን እንኳ አያስፈልግም። ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ከጣና ዳር፣ ወደ ዘጌ ከሚያመላልሱት ጀልባዎች የአንዱ ሞተር አልነሣ ብሎ ባለቤቱ ሲታገል አገኘሁት። «ጋሼ፣ ባትሪውን በአዲስ ቀየርሁት፤ አሁን ደግሞ ኬብሉን ላስቀይር ነው» አለኝ። «ቆይ እስቲ፣ ከመቀየርህ በፊት እንለካው» አልሁና ቴስተሩን ከቤት አስመጣሁ። ባትሪው 12.6 ቮልት አለው፤ ሙሉ ነው። ስታርተሩን እንዲጫነው አድርጌ በኔጋቲቩ ምሰሶና በሞተሩ አካል መካከል ስለካ ከ3 ቮልት በላይ አነበብሁ። እጄን ወደ ሞተሩ ማሰሪያ ስሰድድ ኬብሉ ቀዝቃዛ፣ ካፖኮርዳው ግን ጣት የሚፈጅ ሆኖ አገኘሁት። ዳዶውን ፈታነው፤ ከሥሩ አረንጓዴ ዝገት እንደ ሽሮ ዱቄት ተጋግሯል። በቢላዋና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አጸዳነው፣ መልሰን አጠበቅነው፣ ሞተሩ በመጀመሪያው ንክኪ ተነሣ። ሰውየው ለባትሪው ያወጣው ገንዘብ ግን ተመልሶ አይመጣም።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ አሉሚኒየም ነው። ፓይፐር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በሠራቸው ብዙ አውሮፕላኖች ላይ የአሉሚኒየም የባትሪ ኬብል ማስገባቱ እውነት ነው፤ ያ ኬብል በዕድሜ ብዛት ችግር ማምጣቱም እውነት ነው፤ በመዳብ ለመተካት ለየሞዴሉ ተፈቅዶ የተዘጋጀ ሙሉ ዕቃ በአሜሪካ እንደሚሸጥም እመሰክራለሁ። የማልስማማው «ለቁጠባ ሲሉ ነው» በሚለው ላይ ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 61 በመቶ ያህል ነው፤ ክብደቱ ግን ከመዳብ ሲሶ አይበልጥም። ስለዚህ ያንኑ ያህል ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ወፈር ብሎ ቢሠራም እንኳ በመጨረሻ የሚመዝነው የመዳቡን ግማሽ ገደማ ነው። ለአውሮፕላን መሐንዲስ ይህ ስስት ሳይሆን ሙያ ነው፤ እንደ ኤርባስ ኤ380 ባሉ ግዙፍ አውሮፕላኖች ውስጥም የአሉሚኒየም ሽቦ የገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሉሚኒየሙን የጎዳው ምንድን ነው ቢባል መልሱ እንደገና ወደ ጫፉ ይወስደናል። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው በስስ ኦክሳይድ ይሸፈናል፤ ይህ ሽፋን ለብረቱ ጋሻ ሲሆን ለኤሌክትሪክ ግን ግድግዳ ነው። ከመዳብ ወይም ከነሐስ ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ሁለቱ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሆኑና የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ሲሞቅ ከመዳብ ይልቅ ይለጠጣል፣ ተጭኖ ሲኖር ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ በዚህ የተነሣ ትናንት ጠብቆ የነበረው ማሰሪያ ከዓመታት በኋላ ይላላል። አንድ ጊዜ ከአንድ አሮጌ አውሮፕላን የወጣ ኬብል በእጄ ገብቶ ነበር። ከውጭ ሲያዩት ልባሱ ያልተሰነጠቀ፣ ካፖኮርዳው የሚያብረቀርቅ፣ ሻጭ ቢኖር «አልተነካም» ብሎ የሚምልበት ዓይነት ነው። የጫፉን መሸፈኛ በምላጭ ስሰነጥቀው ነጭ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ሽቦዎቹን ይዤ ሳብ ሳደርጋቸውም ከካፖኮርዳው እንደ ገለባ ወጡ። ኬብሉን መካከል ላይ ቆርጬ ሳየው ግን እንደ አዲስ ነጭና ንጹሕ ነበር።

አሉሚኒየሙ በመዳብ ይተካ ከተባለም፣ ጸሐፊው እንደሚመክሩት «በገበያ ያለው ወፍራሙ» መሆን የለበትም። 53.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው የአሉሚኒየም ኬብል በ33.6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ቢተካ ሁለቱ የሚያስተላልፉት እኩል ነው ማለት ይቻላል። ልባሱን ሳንቆጥር ብረቱ ብቻ በሜትር ከ144 ግራም ወደ 300 ግራም ያድጋል፤ በ5 ሜትር ላይ ልዩነቱ 800 ግራም ይጠጋል። ለመኪና ይህ ምንም ነው። ለአውሮፕላን ግን ክብደቱና የተቀመጠበት ቦታ ተሰልቶ በሚዛን መዝገቡ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው፤ ከዚያም በላይ ማወፈር ትርፉ ሸክም ነው።

ወደ ብየዳ ኬብሉ ስንመጣ፣ ጸሐፊው አንድ ትክክለኛ ነገር አይተዋል፤ ሽቦዎቹ ቀጫጭንና ብዙ ስለሆኑ እንደ ልብ ይተጣጠፋል፣ ንዝረትንም ይችላል። በአሜሪካ አውሮፕላናቸውን ራሳቸው ገጥመው የሚያበሩ ሰዎች ይህንኑ ኬብል እንደሚጠቀሙበት አውቃለሁ። ነገር ግን የእነርሱ አውሮፕላን የሙከራ ተብሎ የተመዘገበ ነው፤ ከፋብሪካ የምስክር ወረቀት ይዞ የወጣ ቸሮኪ ላይ የሚገባው ግን ለዚያ ሞዴል የተፈቀደው ዕቃ ብቻ ነው። የልዩነቱ ምክንያት መዳቡ ሳይሆን ልባሱ ነው። የአውሮፕላን ኬብል ልባስ ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል፣ በእሳት ጊዜ እንዴት እንደሚሆን፣ ዘይትና ነዳጅ ቢነካው እንደማይላጥ ተፈትኖ የታወቀ ነው፤ ዛሬ የተለመደው ቴፍዜል የተባለው ልባስ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ይችላል። የብየዳ ኬብል ላስቲክ ለወርክሾፕ ወለል የተሠራ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ቢጨስ ሰው በር ከፍቶ ይወጣል፤ ከጣና በላይ በሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ግን ወዴት ይወጣል?

ሌላም አለ። ከወራት በፊት ለቤት ሥራ ብዬ ከአንድ ሱቅ «ንጹሕ መዳብ» ተብሎ የተሸጠልኝን የብየዳ ኬብል ቤት ወስጄ አንዷን ሽቦ በሞረድ ስፍቃት፣ ከላይ ቀይ የነበረችው ከሥር ነጭ ሆነች። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ኬብሉን በእጄ ስመዝነው ቀድሞ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ለውፍረቱ እጅግ ቀላል ነበር። ጸሐፊው ከአሉሚኒየም ይሸሹ ዘንድ የመከሩት አንባቢ፣ ምክራቸውን ተከትሎ መልሶ አሉሚኒየም ገዝቶ ሊገባ ይችላል፤ ያውም የመዳብ ልብስ ስላለው ማንም የማይጠረጥረው። የአውሮፕላን ኬብል ዓይነቱና ልኩ በርዝመቱ ሁሉ ላይ ታትሞ፣ ከወረቀቱ ጋር የሚመጣው በከንቱ አይደለም።

ስለ መዶሻውና ስለ ሊዱ ያሉት ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ነው። ካፖኮርዳ በትክክለኛው መጭመቂያ ሲጨመቅ ሽቦዎቹና የካፖኮርዳው ግድግዳ አየር እስከማያስገቡ ድረስ አንድ ላይ ይጣበቃሉ፤ አየር ካልገባ ዝገትም አይገባም። መዶሻ ግን ከላይ ይጠፈጥፋል እንጂ ከዙሪያው አያጠብቅም፤ ከጎንና ከጎን ክፍተት ይቀራል። ጸሐፊው ያን ክፍተት ሊዱ ይሞላዋል ይላሉ። ይሞላዋል፣ ግን በሁለት ዋጋ። አንደኛ፣ የተለመደው የቆርቆሮና የእርሳስ ሊድ ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል፤ ከላይ እንዳሰላነው ደግሞ የተበላሸ ጫፍ ምድጃ ነው፤ ሊዱ እጅግ የሚያስፈልገው ጊዜ ላይ ይፈስሳል። ሁለተኛ፣ ሊድ በሚቀልጥበት ጊዜ ዘይት በክር እንደሚወጣ በሽቦዎቹ መካከል ወደ ላይ ይሳባል፤ በደረሰበት ሁሉ ያ ሁሉ ቀጭን ሽቦ አንድ ደረቅ ዘንግ ይሆናል። በሞተሩ ንዝረት ኬብሉ የሚሰበረው ደረቁና ለስላሳው በሚገናኙባት መሥመር ላይ ነው፤ ስብራቱም በልባሱ ተሸፍኖ ከውጭ አይታይም። ተለዋዋጭ ስለሆነ የመረጡትን ኬብል ተለዋዋጭነቱን ራሳቸው ገደሉት ማለት ነው።

በማሳው ጉዳይ ላይ ጸሐፊው «ገላው ብረት ነው» ይላሉ። ገላው አሉሚኒየም መሆኑን ልለፈው። ከባትሪው የወጣው 200 አምፔር ሁሉ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት፤ ስለዚህ የማሳው ወገን የመስመሩ ግማሽ ነው እንጂ ትርፍ አይደለም። ሞተሩ ከመቃኑ ጋር የሚያያዘው በላስቲክ ትራስ ነው፤ ላስቲኩ ንዝረትን ለመዋጥ የገባ ቢሆንም ኤሌክትሪክንም ይከለክላል። ሞተሩን ከገላው ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኘው በአብዛኛው አንድ የተጠለፈ የመዳብ ማሰሪያ ብቻ ነው። ያ ማሰሪያ ቢበጠስ ወይም ሥሩ ቢዝግ፣ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ሞተሩን ከአብራሪው ጋር ከሚያገናኙት የብረት ነገሮች ውስጥ ደግሞ ቅርቦቹ የስሮትል (የሞተሩን ኃይል የሚጨምርና የሚቀንስ) እና የሚክስቸር መቆጣጠሪያ ገመዶች ናቸው። ስታርተሩ በተጫነ ቁጥር በእነርሱ ውስጥ ያልፋል፤ ገመዱ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ በመጨረሻም ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ይደርቃል። ስሮትሉን ሲይዙት የሚሞቅ ከሆነ ወይም በየጊዜው እየከበደ ከመጣ፣ እኔ በመጀመሪያ የማየው ያንን ማሰሪያ ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት መመሪያ የማሳው ወገን ተቃውሞ 0.005 ኦም ከሆነ አጥጋቢ ነው ይላል፤ ቀለም ላይ የታሰረ ካፖኮርዳ ይህን አያሟላም። ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ፣ ብረቱ ወጥቶ፣ ከታሰረ በኋላ ደግሞ እንዳይዝግ መሸፈን አለበት።

የፊውዙን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የስታርተር ዋና መስመር ፊውዝ እንዳይኖረው መፈቀዱ የተረሳ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 እስከ ተለወጠበት ጊዜ ድረስ በአሜሪካው የትንንሽ አውሮፕላኖች ደንብ ክፍል 23 ውስጥ ፊውዝ ከማያስፈልጋቸው መስመሮች አንዱ ሆኖ በግልጽ ተጽፎ ነበር። በእርሱ ፈንታ የሚጠብቀን ማስተር ረሌው ከባትሪው አጠገብ መሆኑ ነው፤ አብራሪው ማስተሩን ሲያጠፋ ከረሌው ወዲያ ያለው ኬብል ሁሉ ይሞታል። ከባትሪው እስከ ረሌው ያለችው ቁራጭ ግን ሁልጊዜ በሕይወት ናት፤ ስለዚህ አጭር መሆንና ከሹል ጠርዝ ሁሉ መራቅ አለባት። ጸሐፊው ረሌውን «ለመሥራት እንዲመች» ወደ ፊት ማምጣት ይቻላል ማለታቸው ይህችን ቁራጭ ማስረዘም ስለሆነ፣ ፊውዙ ከሚሰጠው ጥቅም የእርሱ ጉዳት ይበልጣል። ኬብሉ ቀዳዳ ውስጥ በሚያልፍበት ሁሉ የጎማ ቀለበት ይኑረው፤ ከመሪ ገመዶችም 3 ኢንች ያህል ይራቅ፤ ከነዳጅ ቧንቧም የተቻለውን ያህል ይራቅ፣ ከጎኑ ማለፉ ግድ ከሆነም ከላዩ ይለፍ እንጂ ከሥሩ አይለፍ።

ስለ ጣና እርጥበት የተባለው ለአካባቢው ሰው ደስ የሚል ቢሆንም ጣናን ያለ ጥፋቱ የሚከስስ ነው። ብረትን በፍጥነት የሚበላው የባሕር አየር ጨው ያለበት ነው፤ ጣና ጨው የሌለው ጣፋጭ ውኃ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከክረምቱ ወራት ውጭ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ፀሐይ የምታገኝ ከተማ ናት። እዚህ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ቀን በፀሐይ የጋለ አውሮፕላን ሌሊት ሲበርድ በውስጡ ያለው አየር ጤዛ ይሆንና በጅራቱ ውስጥ ይወርዳል፤ ያ ጤዛ ከባትሪው ከሚወጣው የአሲድ ትነት ጋር በተገናኘበት ቦታ ካፖኮርዳውን ይበላዋል። መድኃኒቱም የባትሪው ሣጥን መተንፈሻ ያልተደፈነ መሆኑን ማየት፣ የፈሰሰ አሲድ ካለ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ማጠብ፣ በየዓመቱ ምርመራ ላይም ጫፎቹን በዓይንና በቴስተር መፈተሽ ነው። በየሁለት ዓመቱ ጤነኛ ኬብል መንቀል ግን ጤነኛ ማሰሪያን ሁሉ እየፈቱ ማሰር ነው፤ በተፈታ ቁጥር ደግሞ የመሳሳቱ ዕድል ይጨምራል።

አሁን ወደ ርእሳቸው ልመለስ፤ ሥራው የማነው? በአሜሪካ ደንብ አብራሪው ባለቤት በራሱ እጅ እንዲሠራቸው ከተፈቀዱት ሥራዎች አንዱ ባትሪ መለወጥና መንከባከብ ነው። ጸሐፊው «ባትሪውን መቀየር ከቻልን ኬብሉን የማንችልበት ምክንያት የለም» ያሉት ከዚህ ተነሥተው ይመስለኛል። ነገር ግን በዝርዝሩ ውስጥ የባትሪ ኬብል የለም፤ ዝርዝሩም በማመሳሰል የሚለጠጥ አይደለም። በአገራችንም አውሮፕላን የሚመዘግበውና ለቴክኒሺያን ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ሥራውን ፈቃድ ያለው ሰው ሠርቶ በመዝገብ ላይ ፈርሞ ይለቅቀዋል። ይህን የምለው የመኪና ኤሌክትሪሺያኖቻችንን ለመናቅ አይደለም። በባሕር ዳር ጋራዦች ውስጥ ከእኔ የተሻለ እጅ ያላቸው ልጆች አውቃለሁ፤ የሚያጥራቸው የዚያ አውሮፕላን የጥገና መጽሐፍ፣ ትክክለኛው መጭመቂያና የሚፈርሙበት ሥልጣን ነው።

ሳልጠቅስ የማላልፈው፣ ጸሐፊው ኔጋቲቩ መጀመሪያ ይፈታ፣ መጨረሻ ይታሰር፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓትም ይውለቅ ማለታቸው በፍጹም ትክክል ነው። እኔ የምጨምርበት የረሌውን ቡሎን ስለማጥበቅ ነው፤ የታችኛው ዳዶ በአንድ ቁልፍ ተይዞ የላይኛው በሌላ ቁልፍ ይጠበቅ። አለዚያ ቡሎኑ ከነሥሩ ይዞርና በውስጥ የተያያዘው ይበጠሳል፤ ረሌው ከውጭ ደህና መስሎ ይሞታል።

በጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ ያለቀውን ሥራ የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ አለ። አቅርቤ ስመለከተው በስታርተር ረሌው ቡሎን ላይ የብረት ሮንዴላው (ከዳዶ ሥር የሚገባው ጠፍጣፋ ቀለበት) የገባው በሁለቱ ካፖኮርዳዎች መካከል ነው። የብረት ሮንዴላ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ከመዳብ እጅግ ያንሳል፤ በዚያ ላይ ሁለት ተጨማሪ የሚዝጉ ገጾች ይፈጥራል። መዳብ ከመዳብ ጋር ፊት ለፊት ይግጠም፣ ሮንዴላው ከላይ በዳዶው ሥር ይሁን። አውሮፕላኑ ዛሬም በጓደኞቻቸው እጅ ካለ፣ ያን ዳዶ እንዲፈቱትና ሮንዴላውን ቦታ እንዲያስለውጡት፣ ከዚያም ከላይ በገለጽሁት መንገድ ለክተው ስንት ቮልት እንዳገኙ ቢጽፉልን በደስታ አነብባለሁ።